አምስት ደቂቃ ለአንድ ነፍስ

እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ሁለት መስኮት ያለው መጫወቻ ነው። ኒንቴንዶ ዲኤስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ ላይ ውሎ፣ ምርቱ እስኪቆም ድረስ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እኛ ዘንድ ያየሁት፣ እንደ ብዙው ነገር፣ በሻንጣ መጥቶ ነው፤ ክረምት ሲሆን ዘመድ ለመጠየቅ ከውጭ ከሚመጡ ልጆች ጋር። የታችኛው መስኮት ሲነኩት ይታዘዛል፤ የሚነካውም እስክሪብቶ በምትመስል ቀጭን ዘንግ ነው። አትለስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይቺን ዘንግ አየና በ2005 «ትራውማ ሴንተር፦ አንደር ዘ ናይፍ» የሚባል ጨዋታ አወጣ። ዘንጓ ቢላዋ ሆነች። መስኮቱ ሆድ ሆነ። ተጫዋቹ ደግሞ ምንም ሳይማር ዶክተር ሆነ።

ዶክተሩ ዴሬክ ስታይልስ ይባላል፤ ገና ልምምዱን ያጠናቀቀ ወጣት ነው። አንጂ የምትባል ነርስ አለችው። በመስኮቱ ግራና ቀኝ ዕቃው ተደርድሯል፦ ቢላዋ፣ መቆንጠጫ፣ መርፌና ክር፣ ደም መምጠጫ፣ ሌዘር፣ ሲሪንጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ጀርም የሚገድል ቅባት። ቅባቱን ትቀባላችሁ፣ በተሰመረላችሁ ላይ ትሰነጥቃላችሁ፣ ዕጢውን ዞራችሁ ቆርጣችሁ በመቆንጠጫ ታነሳላችሁ፣ ቁስሉን ዚግዛግ አድርጋችሁ ትሰፋላችሁ። ከላይ አንድ ቁጥር አለ። የበሽተኛው ነፍስ ማለት እሱ ነው። ቢበዛ 99 ነው፤ ሲወርድ አረንጓዴ ፈሳሽ በሲሪንጅ ትወጉታላችሁ፣ ይወጣል። ዜሮ ከገባ አበቃ። ሰዓትም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ ወደ ታች ይቆጥራል። ለእያንዳንዷ የእጅ እንቅስቃሴ ማርክ ይሰጣል፤ «ኩል»፣ «ጉድ»፣ «ባድ» እያለ። ሲያልቅም አጠቃላይ ደረጃ ይመጣል። የታካሚው መዳን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ በስንት ሰከንድ ዳነ የሚለው ይጠየቃል።

ጨዋታው፣ እውነቱን እንናገር፣ ግሩም ነው። አንዴ የያዘ አይለቀውም። ታሪኩ ወደፊት ሲሄድ ዕጢና የመስታወት ስብርባሪ ይቀሩና «ጊልት» የሚባሉ፣ ክፉ ሰዎች በቤተ ሙከራ የፈጠሯቸው ጥገኛ ፍጥረታት ይመጣሉ። ስማቸው የግሪክኛ የሳምንት ቀናት ስም ነው፤ ኪሪያኪ እሑድ፣ ሳባቶ ቅዳሜ። ልብና ሳንባ ውስጥ እየተሯሯጡ ይቀዳሉ። ዴሬክ ያሳድዳቸዋል። በመሃል ቦምብ የሚያከሽፍበትም ቦታ አለ። (አዎ፣ ቦምብ። በመቆንጠጫ። ከዚህ በኋላ እውነታን ከዚህ ጨዋታ የሚጠብቅ ሰው ራሱ ይጠየቅ።) ነገሩ ሁሉ ከአቅም በላይ ሲሆን ደግሞ ተጫዋቹ በዘንጓ ኮከብ ይስላል። ያኔ ጊዜ ይንቀራፈፋል። የሰዓቱ ቆጠራ ይዘገያል፣ የዶክተሩ እጅ ግን እንደነበረው ይሮጣል። «ሂሊንግ ተች» ይባላል፤ ታሪኩ ይህን ተሰጥኦ ከጥንቱ የግሪክ የሕክምና አምላክ ከአስክሊፒዮስ ጋር ያያይዘዋል። በአጭሩ ዴሬክ የተቀባ ነው።

ይህን ጨዋታ በተመለከተ ሁለት ዓይነት ሰው አውቃለሁ። ሁለቱንም አንድ ቡና ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ከቨርጂኒያ የመጣው የ11 ዓመት ልጅ ሶፋው ጥግ ላይ ተኮራምቶ በዘንጓ ይጭራል።

«ምን እየሠራህ ነው ማሙሽ?»

«ጋሼ፣ አንዴ! ሰውዬው ሊሞትብኝ ነው!»

አያቱ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «የኔ ዶክተር! እኔን የሚያክመኝ እሱ ነው። ይኸው እጁን እዩት፣ አይንቀጠቀጥ!» አሉ። አጎትየው ደግሞ ፊቱን አጨማደደ። «እትዬ፣ ምን ያስደስትዎታል? ይኼ ልጅ ደም እያየ ነው የሚያድገው። ንጠቁት እንጂ!» ልጁ ሁለቱንም አልሰማም። ትንሽ ቆይቶ ተነፈሰ።

«ምን ሆነ ሰውዬው?»

«ሞተ።»

«ታዲያ አሁን ምን እየሠራህ ነው?»

«እንደገና ጀመርኩት።»

አያትየውና አጎትየው የተለያየ ነገር የተናገሩ ይመስላል። አልተለያዩም። ሁለቱም ቀዶ ሕክምና ማለት ቢላዋ የያዘ እጅ ነው ብለው ነው የተነሱት። አንዷ እጁ ጸና ብላ ደስ አላት፣ አንዱ እጁ ደም ነካ ብሎ ደነገጠ። የኔ ጠብ ከሁለቱም ጋር ነው። ደሙስ እዚያ ጨዋታ ላይ እንደ ቀይ ቀለም የሚመጠጥ ነገር ነው፣ ማንንም ነፍሰ ገዳይ አያደርግም። የሚጎዳው የእጁ አምልኮ ነው።

አያትየውን ግን በባዶ ሜዳ አልከራከራቸውም፤ የሚደግፋቸው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኒውዮርክ ላይ ዶክተር ጄምስ ሮሰርና ባልደረቦቻቸው 33 ሐኪሞችን ፈትነው ነበር። ፈተናው ላፓራስኮፒ የሚባለው፣ በጠባብ ቀዳዳ ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ አስገብቶ ቴሌቪዥን እያዩ የሚሠራው የቀዶ ሕክምና ዓይነት ልምምድ ነው። ቀደም ባለ ዕድሜያቸው በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ቪዲዮ ጌም ይጫወቱ የነበሩት ስሕተታቸው ካልተጫወቱት በ37 በመቶ ያነሰ፣ ፍጥነታቸውም በ27 በመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት በ2002 ዬል ዩኒቨርሲቲ ላይ በኮምፒውተር አስመሳይ የሠለጠኑ ተለማማጆች፣ የሐሞት ከረጢት ሲያላቅቁ ካልሠለጠኑት በ29 በመቶ ፈጥነዋል። እጅ ይማራል። ዓይንና እጅ ሳይገናኙ መገናኘትን ይማራሉ። ይህን የሚክድ ይካድ።

ዳሩ ግን ጥናቱ የሚለው «የተማረ ሐኪም እጁ ተፍታታ» ነው። «እጁ የተፍታታ ሐኪም ሆነ» አላለም። በዚህ መሃል ያለው ልዩነት ሰባት ስምንት ዓመት ትምህርትና ከዚያ በላይ የሌሊት ተረኝነት ነው። ማስታወቂያና አያት ግን ይህን ልዩነት አያዩትም።

እስኪ ወደ ሰዓቱ እንመለስ። አምስት ደቂቃ! ይህ ነገር ከየት መጣ? ከጃፓን መጣ እንዳትሉ። የመጣው ከማደንዘዣ በፊት ከነበረው ዘመን ነው። ሰው ነቅቶ፣ ተይዞ፣ እየጮኸ እግሩ ይቆረጥ በነበረበት ጊዜ፣ ርኅራኄ ማለት ፍጥነት ነበር። የለንደኑ ሮበርት ሊስተን እግር ቆርጦ ለመጣል ሦስት ደቂቃ አይፈጅበትም እየተባለ ይወራለት ነበር፤ እውነትም ለዚያ ታካሚ ከሦስት ደቂቃ ሦስት ሰዓት አይሻለውም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ቦስተን ላይ ዊሊያም ሞርተን በኤተር ሰው አስተኝቶ በአደባባይ አሳየ። ከሁለት ወር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ያው ፈጣኑ ሊስተን ለንደን ላይ በኤተር የተኛ ሰው እግር ቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱ የቀዳጁ ጌታ መሆኑ ቀረ። ቀጥሎም በጆንስ ሆፕኪንስ ዊሊያም ሃልስቴድ የሚባለው ሰው ተነስቶ ቀስ በሉ አለ፤ ደሙን እየዘጋችሁ፣ ሥጋውን እንደ ሐር እየያዛችሁ፣ ሳትጎትቱ፣ ሳትቀጠቅጡ ሂዱ አለ። የዛሬው ቀዶ ሕክምና የሊስተን ልጅ አይደለም፤ የሃልስቴድ ልጅ ነው። በርግጥ ደም የሚፈስበት፣ ደቂቃ የምትቆጠርበት ጊዜ ዛሬም አለ። ግን ያንን የተለየ ጊዜ ወስዶ የሁሉም ቀን ሕግ ያደረገው ጨዋታው ነው። 160 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ የሊስተንን ሰዓት ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ለዚያውም በሌዘር አጅቦ።

ከሰዓቱ የባሰው ግን ክፍሉ ውስጥ የሌለው ሰው ነው። ያቺን 99 የምትል ቁጥር አስቡ። ዶክተሩ ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ይሰፋል፣ ራሱ መድኃኒት ወግቶ ቁጥሯን ወደ ላይ ይመልሳል። በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ቁጥሯን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ከታካሚው ራስጌ ተቀምጦ አየሩን፣ ደም ግፊቱን፣ ልቡን፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚከታተል። የማደንዘዣ ባለሙያው ነው። ቀዳጁ ሆድ ውስጥ ሲያቀረቅር ሕይወቱን ይዞ የሚቆየው እሱ ነው። ጨዋታው ይህን ሰው ከክፍሉ አስወጥቶ በአረንጓዴ ሲሪንጅ ተካው።

አትሳቁ። እኛም አስወጥተነዋል። ዘመድ ታሞ ኦፕራሲዮን ይደረግ ሲባል ቤተሰብ የሚጠይቀው ምንድን ነው? «ማን ነው የሚቀደው?» ነው። «እሱ ከሆነ እጁ ወርቅ ነው።» «እገሌ'ኮ በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ወጣ!» እንላለን፣ ልክ ቡና ተፈልቶ እንደደረሰ። «ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ዘመድ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ስሙን የሚያውቅ የለም። ታካሚው ድኖ ሲወጣ ምስጋናው፣ ሽቶውና ሸሚዙ ለቀዳጁ ይሄዳል። ራስጌ የነበረው ሰውዬ በጓሮ በር ወጥቶ ታክሲ ይሰለፋል።

ደግሞ አንጂን እዩዋት። ጎበዝ ናት። መጀመሪያ ላይ ዴሬክ ሥራውን እንደ ቀልድ ሲያይ ትቆጣዋለች፤ ያ መልካም ነው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን ድርሻዋ «ዶክተር፣ ቁጥሩ ወረደ!» ማለት ነው። የምታቆመው አንድም ነገር የላትም። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንድ ጎዝ ጎድሎኛል፣ አይስፉ» የምትልበት ቁልፍ አልተሠራላትም። ቢሠራላትም ሰዓቱ እየቆጠረ ስለሆነ ተጫዋቹ ይጠላታል፤ ማርኩን ታበላሽበታለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ጨዋታነቱ የሚያበቃው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 አንዲት ገጽ የማትሞላ፣ 19 ነጥብ ያላት ወረቀት አወጣ። የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት ነች። ሥራውን የመራው ሌዘር አይደለም፣ አትኩሮት ነው፤ የመሩት ሰው ዶክተር አቱል ጋዋንዴ ይባላሉ። ወረቀቷ ሦስት ጊዜ ቁሙ ትላለች፦ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት፣ ቢላዋ ቆዳ ከመንካቱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። ይህ ሰው ማን ነው? የሚቀደደው የትኛው ጎን ነው? አለርጂ አለበት ወይ? ሁላችሁም ስማችሁንና ሥራችሁን ተናገሩ። ጎዙና መርፌው ተቆጥሮ ልክ መጣ ወይ? ይኸው ነው። የሠፈር ዕድር ጸሐፊ ሊጽፋት የሚችል ወረቀት ናት። በስምንት ከተሞች፣ ከቶሮንቶ እስከ ኒው ዴልሂ፣ ከለንደን እስከ ታንዛኒያዋ ኢፋካራ፣ ተሞከረች። ውጤቱ በ2009 መጀመሪያ ሲታተም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወርዷል፤ ከባድ የጤና መታወክ የሚደርስበት ከመቶ 11 ወደ 7። አዲስ ሌዘር አልተገዛም። የአንድም ሐኪም እጅ ወርቅ አልሆነም። ሰዎች ቆመው ተነጋገሩ፣ በቃ።

ወረቀቷም ብቻዋን ጠንቋይ አይደለችም። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ከመቶ በላይ ሆስፒታሎች እንዲጠቀሙባት ሲደረግ፣ በ2014 የወጣው ጥናት ይህ ነው የሚባል የሞት መቀነስ አላሳየም። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተከራክረዋል። የኔ ግምት ማንም መሥሪያ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው የሚገምተው ነው፦ ምልክት ማድረግና መነጋገር አንድ አይደሉም። ሳጥኑ ላይ የራይት ምልክት እየተደረገበት፣ ነርሷ አፏን ይዛ ከቆመች፣ ወረቀቷ ደረሰኝ ሆነች ማለት ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ብሎ የተረተው ሕዝብ፣ ሁለተኛዋን ሰው ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ ዝም በይ ካላት ተረቱ ምን ሠራ?

የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ነው። አንዲት አክስቴ ተኝታ ነበር። ቀዶው «በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል» ተብለን ተቃቅፈን ተላቀስን። በሳምንቱ ቁስሉ አመረቀዘ። የለበሰችው ፋሻ ለስንት ቀን እንዳልተቀየረ ስንጠይቅ አንዱ ሌላውን ያሳያል፤ የቀዳጇን ጎበዝነት ግን ሁሉም ይመሰክራል። ጎበዝ ናት፣ እኔም እመሰክራለሁ። አክስቴን ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ያስቀራት ከቢላዋው በኋላ የነበረው ሥራ ነው። በጨዋታው ውስጥ ይህ ሥራ የለም። ቁስሉ ተሰፋ፣ ቅባት ተቀባ፣ ፋሻ ተለጠፈ፣ ደረጃ መጣ። ታካሚው ወዴት ሄደ? ዋርድ የለም፣ ማታ ሰዓት የሚዞር ነርስ የለም፣ መድኃኒት ከውጭ ግዙ ተብሎ ማዘዣ ይዞ የሚሮጥ ወንድም የለም።

«ጨዋታ'ኮ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። የኳስ ጌም ተጫውቶ አሠልጣኝ ነኝ ያለ አለ ወይ ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ይኸውላችሁ። ኳስ ሜዳ ሁላችንም ገብተናል፤ ጌሙ ቢዋሽ እናውቅበታለን። የቀዶ ክፍል ግን በዚህ ዓለም ላይ ካሉት ክፍሎች ሁሉ የተለየ ነው፤ ወይ ተኝታችሁ ትገባላችሁ፣ ወይ በር ላይ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ነቅቶ ያየው ሠራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ስለዚያ ክፍል በጭንቅላታችን ያለው ሥዕል በሙሉ ከፊልምና ከጨዋታ የተለቀመ ነው። ሥዕሉ ደግሞ በር ላይ የቆመው ሰው ምን እንደሚጠይቅ ይወስናል፤ መንግሥትም በጀት ሲይዝ ምን እንደሚገዛ ይወስናል። ጀግናው ዶክተር ነው ያለ ሕዝብ፣ መሣሪያ ማጠቢያውንና ኦክስጅኑን አይጠይቅም።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2015 እንዳስታወቀው፣ ከዓለም ሕዝብ 5 ቢሊዮኑ ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና አያገኝም። ድሃውን ዓለም ለመድረስ በየዓመቱ ተጨማሪ 143 ሚሊዮን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ኮሚሽኑ አንድ ሆስፒታል በቂ ነው ወይ ብሎ የሚለካባቸው ሦስት ሥራዎችም ቀላል ናቸው፦ እናትን በቀዶ ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከም፣ ቆዳ ቀዶ የወጣ ስብራት መጠገን። ሳባቶም ኪሪያኪም የሉበትም። የጨዋታውን የክፋት ቤተ ሙከራ ሳስብ፣ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስድስት ሰዓት የምትጓዘውን ሴት አስባለሁ። ይህን ለመጫወት ማን ዘንግ ያነሳል? ቃሬዛውን መሸከም ስንት ማርክ ያሰጣል?

እዚህ ላይ አንድ ሰው ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ያነሳብኛል፤ ባያነሳ እኔ አነሳለሁ። በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ ደርሶባቸው አዲስ አበባ መጥተው በሐምሊን ባልና ሚስት እጅ የታከሙ፣ ከዚያም ሳይማሩ ቀዳጅ የሆኑ ሴት ናቸው። ማንበብና መጻፍ ሳይችሉ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምናን ተክነው፣ ለተማሩ ሐኪሞች አሳይተዋል። «ይኸው እጅ ብቻውን በቃ!» ይባላል። እንዴት ነው የተካኑት ብላችሁ ጠይቁ እንጂ። አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ። ከሳቸው በኋላ የመጡትን ሴቶች አስተኙ፣ አጠቡ፣ አጽናኑ። ከዚያ ቀዶ ክፍል ገብተው ዕቃ አቀበሉ። እያዩ፣ እየያዙ፣ እየተያዙ፣ ዓመታት ቆጠሩ። ቢላዋው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ደግሞስ ያ በሽታ ከሌላው ሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ጥቃቅን ስፌት፣ ከዚያም ሳምንታት የሚወስድ ክትትል። ጨዋታው የሱን ታሪክ ያስቀመጠው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያን ዘመን ድሮ የማይድን የነበረው ሁሉ ይድናል ብሎ። 2018 መጣ። የተቀባው ዶክተር አልመጣም። በዚያው ዓመት ግን ቢቢሲ በዓለም ላይ አርአያ ናቸው ካላቸው መቶ ሴቶች አንዷ አድርጎ የመረጣቸው ወይዘሮ ማሚቱ ነበሩ። ኮከብ ስለው ጊዜን አላቆሙም፤ ጊዜውን ሰጡ።

ወዲያ ወዲህ ያልኩት ሳይበቃ አንድ ነገር ልጨምር። በጨዋታው ውስጥ የዓለምን ክፉ በሽታ የሚዋጋው ድርጅት «ካዱሲየስ» ይባላል፤ ሁለት እባብ የተጠመጠመባት ባለ ክንፍ በትር። ብዙ ሰው የሕክምና ምልክት ይመስለዋል። የሕክምናው በትር የአስክሊፒዮስ ነው፣ እባቡ አንድ ነው፣ ክንፍም የለውም። ባለ ሁለት እባቡ የሄርሜስ ነው፤ የነጋዴዎችና የመልእክተኞች አምላክ። የአሜሪካ ጦር የሕክምና ክፍል በ1902 ለምልክትነት ወስዶት ስሕተቱ ተስፋፋ። ጨዋታው ሳያስበው እውነት ተናግሮ እንደሆነ እንጃ።

ደራሲዎቹን ግን ፈጽሞ አልተሻሻሉም ብል ኃጢአት ነው። በ2010 ለዊ መጫወቻ ባወጡት «ትራውማ ቲም» በተባለው ተከታይ፣ ስሙ ራሱ እንደሚለው፣ አንዱ እጅ ስድስት ሆነ። ቀዳጅ አለ፣ የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ አለች፣ የአጥንት ሐኪም፣ የኢንዶስኮፒ ሐኪም፣ በሽታ መርማሪ፣ ሬሳ የምትመረምርም አለች። መርማሪው ታካሚውን ያናግራል! የማደንዘዣ ባለሙያው አሁንም ራስጌ ላይ አልተቀመጠም እንጂ፣ ቢያንስ በሽተኛው አፍ እንዳለው ታወቀ።

ይልቅ የሚገርመኝ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ፣ በ1988፣ «ላይፍ ኤንድ ዴዝ» የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ መኖሩ ነው። ሥዕሉ ያስቃል፤ ሰዎቹ በካሬ የተገጣጠሙ ናቸው። ታካሚው ሆዴን አመመኝ ብሎ ይመጣል። ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ሆዱ በእጅ መዳበስ አለበት፤ የት ጋ ሲነካ ጮኸ? አስፈላጊ ከሆነ ራጅ ይታዘዛል። ትርፍ አንጀት ከሆነ ይቀደዳል። ኢንፌክሽን ከሆነ መድኃኒት ይሰጣል። የኩላሊት ጠጠር ከሆነ ወደ ሌላ ሐኪም ይላካል። ነፋሻ ብቻ ከሆነ ተኝቶ ይታያል፣ አይነካም። መቀደድ የሌለበትን ሰው የቀደደ ተጫዋች፣ እጁ የፈለገውን ያህል ወርቅ ቢሆን፣ ወደ ክፍል ተመልሶ እንዲማር ይደረጋል። ያንን ልጅ ቢመጣልኝ የማስጫውተው ይህንን ነው፤ አያቱም አጠገቡ ቁጭ ብለው «ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚያመው ጠይቀው እንጂ!» ይበሉት።